ሰማያዊዎቹ አሰበ ተፈሪ የመጡ ጊዜ

አሰበ ተፈሪ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1982 ዓ.ም.

ይድረስ ሀቫና ላለችው ልጄ ለሳህሊቱ ጀምበሩ፤

ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታሽን ልለምን። ደብዳቤዎችሽ በየተራ ደርሰውኝ ለአንዱም ሳልመልስ ክረምቱ አለፈ። እናትሽ ዓለምሸት «የወለድካትን ልጅ ረሳሃት?» እያለች ስትነዘንዘኝ ከርማለች። አልረሳሁሽም። የስፖርት አስተማሪ እጅ ፊሽካ እንጂ ብዕር አልለመደም፣ ነገሩ ይኸው ነው። እንደምን አለሽ? የከብት ሕክምናው ትምህርት እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ አልከፋም፣ ማሽላው ከሰው ቁመት አልፏል።

አሁን ወሬ ልንገርሽ። ያ ኩባዊ ሐኪም፣ ዶክተር ራሚሮ፣ አገሩ ገባ። ሊሄድ ሲል እቤት መጥቶ ምሳ በላ፣ እናትሽን አቅፎ አለቀሰ፣ ለእኔ ደግሞ አንድ ጆንያ ትቶልኝ ሄደ። ስፈታው ወፍራም ዱላ፣ ያረጁ የቆዳ ጓንቶችና ድንጋይ የመሰሉ ነጭ ኳሶች ናቸው። ልጆቹን አስተምር ማለቱ ነው። የነገረኝ በእጁ ነው እንጂ በአፉ አይደለም፤ አማርኛው «የት ጋ ያማል?» ከሚለው አላለፈም ነበር። ኩባዎቹ ይህን ቤዝቦል የሚሉትን ሲጫወቱ ከሩቅ አይቻቸዋለሁ። ለእኔ አውቶቡስ ያመለጣቸው መንገደኞች ነው የሚመስሉት፤ ግማሾቹ ቆመዋል፣ ግማሾቹ ተቀምጠዋል፣ አንዱ ድንገት ተነስቶ ይሮጣል።

ስለ ወንድምሽ ስለ መኮንን ጠይቀሽኛል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል፤ ነጥቡ ግን ዩኒቨርሲቲ አላስገባውም፣ እቤት ነው። ዕድሜውን ታውቂያለሽ፣ ዘመኑንም ታውቂያለሽ። በየሰፈሩ ለብሔራዊ ውትድርና ስም እየተጠራ ነው። እናትሽ ውሻ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች፣ እኔም እንደዚያው። የከተማው ስፖርተኛ ተብሎ ከተመዘገበ ይተዉት ይሆናል ብዬ በዚህ ዱላና ኳስ ቡድን ላቋቁም አስቤያለሁ። እንግዲህ ጨዋታው ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው አሠልጣኝ የሆንኩት። አንቺ እዚያው ምንጩ አጠገብ ነሽና ሕጉን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ቶሎ።

አባትሽ ጀምበሩ


ሀቫና፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1982 ዓ.ም.

ውድ አባባ፤

ደብዳቤዎን ይዤ በሰው ፊት ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፤ የእማማን ንዝነዛም አመሰግናለሁ፣ ያለ እሷ አንድ መስመር አላገኝም ነበር። የመኮንንን ነገር ካነበብኩ ወዲህ ግን ልቤ እዚያው ናት። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ትምህርቴን ትቼ ለእርስዎ ስል ስታዲየም ገባሁ።

አባባ፣ ይህን ያህል ሰው በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ሣሩ ከላይ ሲያዩት የተነጠፈ ጨርቅ ይመስላል። የከተማዋ ቡድን ሰማያዊ ለባሽ ነው፣ እንግዶቹ ቀይ። ዘጠኝ ዘጠኝ ናቸው። ወርዋሪው መሃል ላይ ከፍ ያለች የአፈር ጉብታ አለችው። ቀላቢው ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ በጣቶቹ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር በድብቅ ይነግረዋል። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ እኛ ልጆች ሳለን እንደምንለው ይቃጠላል፤ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች ወይም ማረፊያው ላይ ከቀደመችውም እንዲሁ። ወርዋሪው አራት መጥፎ ኳስ ከወረወረ ደግሞ መቺው በነጻ ያልፋል። ከመታ ሦስት ማረፊያዎችን እየረገጠ ዞሮ የተነሳበት ይመለሳል። የተነሳበትን ቦታ ቤት ነው የሚሉት፤ ቤቱ ሲገባ አንድ ነጥብ ነው። ሦስት ሰው ሲቃጠል ተራ ይለዋወጣሉ፣ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዙር።

እርስዎን የሚያስደንቅዎት ይህ ነው፦ ሰዓት የለም። ፊሽካ የለም። እኩል ከሆኑ ዘጠኙ ዙር ያልቅና ሌላ ይጨመራል፣ ደግሞ ሌላ፣ አንዱ እስኪሸነፍ። የመጨረሻው ሰው እስካልተቃጠለ ድረስ አላለቀም።

በመጨረሻው ዙር ሰማያዊዎቹ በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር፣ ማለቴ እየተመሩ ነበር፤ ደስታው አሁንም ያሳስተኛል። አሠልጣኛቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ያልተለኮሰ ሲጋራ የሚያኝኩ ሽማግሌ ናቸው። ዋናው መቺያቸው ሲነሳ ሰው ሁሉ ሩቅ ይመታታል ብሎ ቆመ። እሱ ግን ኳሷን በዱላው ነካ አድርጎ እግሩ ሥር ጣላት። ቀዮቹ እሱን ሲያቃጥሉ ቀድሞት የወጣው ጓደኛው አንድ ማረፊያ አልፎ ነበር። ለካ ሽማግሌው ናቸው ያዘዙት፤ እሱ እንዲቃጠል፣ ሌላው እንዲጠጋ። የሚቀጥለው መታ፣ ያኛው ገባ፣ የመታው ራሱም ዞሮ ገባ። እኔም «ና! ግባ! ግባ!» እያልኩ በአማርኛ ስጮህ አጠገቤ የነበሩ ሰዎች ከሰማያዊዎቹ ይልቅ እኔን ያዩ ጀመር።

መኮንን ከሜዳ አይራቅ። እማማን ሳሙልኝ።

ልጅዎ ሳህሊቱ


አሰበ ተፈሪ፣ መጋቢት 17 ቀን 1982 ዓ.ም.

ልጄ ሳህሊቱ፤

ኋላ የላክሽው ሥዕል ደርሶ ጉድ አፈላ። ቀስቷ የምታሳየው መቺው ከቤት ተነስቶ ወደ ቀኝ እጁ እንደሚሮጥ ነው። በፊተኛው ደብዳቤሽ ወዴት እንደሚሮጥ አልነገርሽንም! እኛ ወደ ግራ ነበር ስንሮጥ የከረምነው። ለዚያውም ዱላውን ይዘን፤ የገና ጨዋታ የለመደ ሰው ዱላውን ጥሎ መሮጥን ማን ያስተምረዋል? ልጆቹን ሰብስቤ እስከ ዛሬ የሮጥነው ሁሉ ወደ ኋላ ነው ስላቸው በድሪ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቲቸር፣ አቦ፣ ኩባዎቹ ናቸው የተሳሳቱት። እኛ ለምደነዋል።» የጫት ነጋዴው የሙሜ ልጅ ነው፣ የዙህራ ወንድም፤ አንቺ ስትሄጂ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር ማለት ይቻላል፣ ዛሬ ትከሻው በር ይሞላል። ቀላቢያችን እሱ ነው።

ወርዋሪያችን መኮንን ነው። ወንድሜ ብለሽ አታውቂውም። ያ እግሩን እየጎተተ ውሃ የሚቀዳ ሰነፍ ልጅ ጉብታዋ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ይሆናል። ኳሷ ቀጥ ብላ ትመጣና መቺው ጋ ስትደርስ ሐሳቧን ትቀይራለች። እንዴት እንደሚያደርገው ብጠይቀው «እኔም አላውቅም አባባ፣ ጣቴ ነው የሚያውቀው» አለኝ። ከቦኬ የመጣ ዘይኑዲን የሚባል ልጅም አለን፤ ሜዳው ጫፍ ላይ ቆሞ የተመታውን ሁሉ ይቀልባል። የራሚሮ ኳሶች ተበጣጥሰዋል፣ ጫማ ሰፊው ከመሰላ ገበያ በሚመጣ ቆዳ ይጠግንልናል።

የጠየቅሽኝ ምዝገባ ገና ነው። የሄድኩበት ሰውዬ «ይህ ስፖርት ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ከበላይ ይጠየቃል» አለኝ። ይጠየቅ አልኩ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ሆን ብሎ መቃጠል ምን ዓይነት ስልት ነው? እኔ አሠልጣኝ ብሆን ልጄን ተቃጠል ብዬ አልልክም። አስረጂኝ።

አባትሽ


ሀቫና፣ ግንቦት 28 ቀን 1982 ዓ.ም.

ውድ አባባ፤

ወደ ግራ መሮጣችሁን ለክፍል ጓደኞቼ ነግሬ ስፓኒሽ የሚናገረውም የማይናገረውም ሲስቅ አመሸ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እዚህ ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር መጻፍ አልታየኝም።

ስለ መቃጠሉ እኔም እንደ እርስዎ ነኝ። ሽማግሌውን አልወደድኳቸውም፤ ቢያሸንፉም። ሌላ ስልት ልስጥዎት። ወርዋሪ ሁሉንም ኳስ አያፈጥንም። ሁለት ፈጣን ወርውሮ ሦስተኛውን በዚያው እጅ፣ በዚያው ፊት፣ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። መቺው ኳሷ ሳትደርስ ዱላውን ወዝውዞ ይጨርስና ቆሞ ሲያያት ታልፈዋለች። የሚያስፈራ መቺ ከመጣ ደግሞ አራት መጥፎ ኳስ ሰጥቶ በነጻ ማሳለፍ ነው፤ ከኋላው የሚመጣው ይቀላል። መኮንን ይህን ሁለቱን ከያዘ ማንም አይችለውም። ከእኔ በቀር። እኔ ሰማያዊዎቹን ባሠለጥን አሰበ ተፈሪን አሸንፋት ነበር፤ ይንገሩት።

ለምን አይጽፍልኝም? ምዝገባውስ? ይህን የጠየቅኩት በሦስት ደብዳቤ ነው፤ እርስዎ ግን ስለ ቆዳ ይነግሩኛል።

ሳህሊቱ


አሰበ ተፈሪ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1982 ዓ.ም.

ልጄ ሳህሊቱ፤

ሰማያዊዎቹ መጡ።

ባቡራቸው ሜኢሶ አወረዳቸው፤ ከዚያ በሙሜ የጫት አይሱዙ ላይ ተጭነው ዳገቱን ወጡ። ሽማግሌው አሠልጣኝ ጋቢና ነበሩ። ሙሜ አንድ እስር የአወዳይ ጫት ሰጥቷቸው ሲጋራቸውን ጥለዋል። የከተማው ሰው ጃንጥላ ይዞ ወጣ። የሐምሌ ጉም ከተራራው ወርዶ ሜዳውን ስለሸፈነው ጫፍ ላይ የቆሙት ልጆች ከወገባቸው በታች አይታዩም፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይታዩም።

የመጀመሪያው መቺያቸው ግዙፍ ነው። ኳሷን መታት፣ ጉም ውስጥ ገባች፣ ጠፋች። እሱ ይሮጣል፣ እኛ ጉሙን እናያለን። ቆይቶ ዘይኑዲን ከጉሙ ውስጥ እየተራመደ ወጣ፣ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ናት። አሠልጣኙ ይህ ሕግ አይደለም ብለው ሊከራከሩ ፈልገው ነበር፣ ግን በየትኛው ቋንቋ? ሁለተኛውን መኮንን በዚያ ባልሽው ቀስተኛ ኳስ አቃጠለው። ሰውዬው ዱላውን ወዝውዞ፣ ቆሞ፣ ኳሷ ስታልፈው አያት፤ ለብዙ ጊዜ ያላያትን ዘመዱን እንደሚያይ።

እነሱም አልተኙም። በሁለተኛው ዙር ሦስት ነጥብ አገቡ፣ እኛም በሦስተኛው ሦስት መለስን፤ ሁሉንም ወደ ቀኝ ሮጠን። አንዱን ያገባው በድሪ ነው፣ ዱላውን እንደያዘ። ሦስት ለሦስት ነን።

ስለ መኮንን ጠይቀሽኛል። ሜዳ ላይ ነው። ጉብታዋ ላይ ቆሞ የበድሪን ጣቶች እያየ ነው። እጄ ስለደከመ እዚህ ላይ ላቁም።

አባትሽ


ሀቫና፣ ጥቅምት 9 ቀን 1983 ዓ.ም.

ውድ አባባዬ፤

ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ አባቴ አሞት ይሆን ብዬ ፈራሁ። በሳምንቱ የበድሪ እህት የዙህራ ደብዳቤ ደረሰኝ።

ሁሉንም ጽፋልኛለች። መኮንንና በድሪ ለኳሱ ቆዳ ሊገዙ መሰላ ገበያ መውረዳቸውን፣ በድሪ ሊሰግድ መስጊድ ሲገባ መኮንን ቆዳውን ታቅፎ በር ላይ ሲጠብቀው ገበያው ለአፈሳ በወታደር መከበቡን፣ በድሪ ሰግዶ ሲወጣ መኮንን እንዳልነበረ። ወደ ሰሜን ጦር ግንባር መወሰዱን። እርስዎም የላክኩት እኔ ነኝ እያሉ እህል እንደማይቀምሱ። አባባ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ይህን ፊት ለፊት ብነግርዎት እወድ ነበር፤ እጅዎን ይዤ። አልቅሻለሁ፣ አሁን ግን አቁሜያለሁ፤ እርስዎም ይብሉ።

ለምን እንደደበቁኝ አልጠይቅም። ለምን ሰማያዊዎቹን እንዳመጧቸውም ገብቶኛል፤ ጨዋታው እስካላለቀ ድረስ መኮንን ሜዳ ላይ ነው። ሰዓት የለውም ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

እንግዲህ ይስሙ። ሽማግሌው ያ ጫት አልተስማማቸውም፣ ቦታውን ለእኔ ለቀዋል። ከአሁን ወዲያ ሰማያዊዎቹን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። እርስዎ የራስዎን ይጠብቁ። በአራተኛው ዙር ሦስቱም ሰዎቼ ተቃጠሉ፣ የመኮንንን ኳስ ማንበብ አልቻሉም። በአምስተኛው ግን መላ መታሁ። ልጆቼን ዱላ አትወዝውዙ፣ ዝም ብላችሁ ቁሙ አልኳቸው። ኳሷ የምትታጠፈው እየጓጓ የሚወዘውዘውን ለማሳት ነው፤ ካልነኳት መጥፎ ኳስ ሆና ትቆጠራለች። ሁለቱ በነጻ አለፉ፣ ሦስተኛው በመኮንን ራስ ላይ አሳልፎ መትቶ ሁለቱንም አስገባ። አምስት ለሦስት ነው። ተራው የእርስዎ ነው።

የሰማያዊዎቹ አሠልጣኝ፣ ሳህሊቱ


አሰበ ተፈሪ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1983 ዓ.ም.

ልጄ፤

በልቻለሁ። እናትሽ ደብዳቤሽን አስነብባኝ ስታበቃ ሳህኑን ፊቴ አስቀመጠች፣ በላሁ። ይህን ያህል እየራበኝ እንደነበር አላወቅኩም።

የምትጠይቂኝን ልመልስ። አዎን፣ ከመኮንን አንዲት ወረቀት መጥታለች፣ ከግንባር በተመለሰ ቁስለኛ እጅ። «ደህና ነኝ፣ ክንዴም ደህና ነው» ትላለች፣ ሌላ የለባትም። ቀኗ የመስከረም ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም። እናትሽ ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛባታለች። እኔ ፈርቻለሁ ሳህሊቱ። ለሰው ስናገር ደህና ነው እላለሁ፣ ላንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ፈርቻለሁ።

ወደ ጨዋታው። በድሪና ዘይኑዲን ማታ ማታ እቤት እየመጡ አብረን እንመክራለን። በሰባተኛው አንድ፣ በስምንተኛው አንድ አገባን። ያቺን የስምንተኛዋን ዘይኑዲን ሰርቆ ነው ያገባት፤ ወርዋሪሽ የጓንቱን ማሰሪያ ሲያጠብቅ ይህ የቦኬ ልጅ ሄደ። ዘጠኙ ዙር አልቋል፣ አምስት ለአምስት ነን። አሥረኛውና አሥራ አንደኛውም በከንቱ አለፉ።

ነገር ግን ቅር ያለኝ አለ። በድሪ ኋላ የላክሻቸውን ደብዳቤዎች ሲሰማ «ቲቸር፣ ሳህሊቱ ሆን ብላ እየተወችን ነው፤ ወላሂ ያንን ኳስ ሕፃንም ይመታዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። አትራሪልኝ። የምትራሪልኝ ተስፋ የቆረጥሽ ጊዜ እንደሆነ ነው የሚሰማኝ። መኮንን መጥቶ ደብዳቤዎቹን ሲያነብ እህቴ ለይስሙላ ነበር የተጫወተችው እንዲል አልፈልግም። ከቻልሽ አሸንፊ።

አባትሽ


ሀቫና፣ የካቲት 21 ቀን 1983 ዓ.ም.

አባባ፤

እሺ። እርስዎ ባዘዙት ነው።

አሥራ ሁለተኛው ዙር። የመጀመሪያው መቺዬ መሬት ለመሬት መትቶ አንደኛው ማረፊያ ደረሰ። መኮንን ደክሞታል፣ ከሁሉም ይበልጥ እኔ አውቃለሁ፤ ጉብታዋ ላይ ከቆመ መንፈቅ አልፎታል። የደከመ ወርዋሪ ጉልበት ሲያጣ ብልጠት ያበዛል፣ ስለዚህ ቀስተኛዋ ኳስ እንደምትመጣ ጠበቅኩ። ሁለተኛውን መቺዬን «ሁለቱን ፈጣኖች ተዋቸው፣ ሦስተኛዋን ቁጠርና ጠብቅ» አልኩት። ሦስተኛዋ ቀስ ብላ መጣች። ከዘይኑዲን ራስ በላይ አሳልፎ መታት፣ ከጉሙም አልፋ ማሽላው ውስጥ ገባች። አንድ ሰው ገባ። የመታው ሰው ራሱ ቤት ሊደርስ ሲል በድሪ አቃጠለው፣ ሁለቱ ቀጣዮችም ተቃጠሉ።

ስድስት ለአምስት። ይቅር ይበሉኝ። እህቱ ሆኜ ጠላቱን ያሠለጠንኩ ይመስለኛል። አሁን የእርስዎ ልጆች ይመታሉ፤ ካላገቡ ያበቃል። አባባ፣ እባክዎ ያግቡ።

ሳህሊቱ


አሰበ ተፈሪ፣ መጋቢት 29 ቀን 1983 ዓ.ም.

ሳህሊቱ ልጄ፤

ሰላምታዬ አጭር ነው፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው ይባላልና ይህቺን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሹፌር እሰጣታለሁ። እኛ አለን። ከመኮንን ወሬ የለም። ከሰሜን የሚመጣው ወሬ ደግሞ ባይመጣ የሚሻል ነው። ሁለት ቤት ለቅሶ ደርሰናል፤ የማን ቤት እንደሆነ አልነግርሽም፣ ታውቂያቸዋለሽ።

ተራችን ነው። ዘይኑዲን ተቃጠለ። በድሪ ጥሩ መትቶ ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ቆሟል፣ ከቤት ሊገባ አንድ እርምጃ ነው የቀረው። የሚቀጥለው ልጅ ተቃጠለ። ሁለት ሆነ። አሁን የሚነሳው መኮንን ነው።

ሁለት ኳስ ሳተ። ሦስት መጥፎ ኳስ ተወ። አንድ ቀርቶታል። ሽማግሌ ሆኜ ዘዴ ያጣሁበት ቀን ይህ ነው፤ ንካት ልበለው፣ ተዋት ልበለው፣ ምታ ልበለው አላወቅኩም። ብዕሬን አንስቼ መልሼ አስቀምጣለሁ። ይመታታል ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ሌላውን ደግሞ አልጽፈውም። ኳሷ አንቺ እጅ ናት።

አባትሽ


ሀቫና፣ ግንቦት 26 ቀን 1983 ዓ.ም.

አባባ፤

ይህ ደብዳቤ ይድረስዎት አይድረስዎት አላውቅም። ፖስታ ቤት «ለኢትዮጵያ ለጊዜው አንቀበልም» ብለውኛል፤ የጻፍኩት ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው። መንግሥት መለወጡን በሬዲዮ ሰማን። ወታደሩ ተበተነ ይላሉ፣ በእግሩ ወደየአገሩ እየሄደ ነው ይላሉ። እኛ ሐረርጌዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ካርታ ላይ መንገዱን በጣታችን እንለካለን፤ ከወሎ አዋሽ፣ ከአዋሽ ሜኢሶ፣ ከሜኢሶ ዳገቱን ወደ እናንተ።

ኳሷን ይዣታለሁ። መጥፎ አድርጌ ወርውሬ በነጻ ላሳልፈው እችላለሁ፣ እርስዎ ግን አትራሪልኝ ብለውኛል። ደህና አድርጌ ብወረውራት ደግሞ ሊስታት ይችላል። ስለዚህ አልወረውርም። ሰዎቼ «ወርውሪ እንጂ!» እያሉ ይጮሁብኛል፣ እኔ ቆሜያለሁ። እሱም ዱላውን ይዞ ቆሟል፣ ጉሙ በመካከላችን ያልፋል። እስኪመጣ እንዲህ ሆነን እንቆያለን።

ልጅዎ


አሰበ ተፈሪ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1983 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳህሊቱ፤

መጥቷል። ሌላ ከመጻፌ በፊት ይህን አንብቢ፤ ወንድምሽ መጥቷል፣ በሁለት እግሩ ነው።

ያመጣው ሙሜ ነው። አዋሽ ላይ ከመንገድ ዳር አገኘው። «ኦቦ ጀምበሩ፣ ወላሂ አላወቅኩትም» አለኝ ሙሜ፣ ትልቁ ሰው እያለቀሰ። «አልፌው ሄጄ ነበር እኮ። ያ ረቢ! አባ በድሪ ብሎ ሲጠራኝ ነው የቆምኩት።» እኔም ከሙሜ አልተሻልኩም። በሩ ላይ ጢማም፣ ከሲታ ሰው ቆሞ ሳይ እንግዳ መስሎኝ ተነስቼ ወንበር ሰጠሁት። እናትሽ ናት ከጓዳ ሆና በሳሉ ያወቀችው።

ብዙ ቀን ተኛ። እየነቃ ይበላና መልሶ ይተኛል። ስለ ሰሜን የጠየቀው የለም፣ እሱም አልተናገረም። ትናንት ከሰዓት ግን ደጅ ወጥቶ ተቀመጠና «የኳሱ ነገር የት ደረሰ?» አለኝ። ደብዳቤዎቹን አመጣሁ፤ የመጨረሻይቱም ባለፈው ሳምንት በሰው እጅ ደርሳኛለች። ከሜኢሶው ባቡር ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩለት። የጫቱ ላይ ፈገግ አለ። ያንቺን «እስኪመጣ እንዲህ ሆነን እንቆያለን» ያልሽውን ሳነብ ፊቱን አዞረ። «ከመጋቢት ጀምሮ እዚያ ነው ያቆማችሁኝ?» አለ።

«አዎን» አልኩት።

«አባባ፣ እግሬን አሞኛል። ሌላ አልቆምም። ይወርወር።»

በድሪን አስጠራነው። ዘይኑዲን ከቦኬ ለገበያ መጥቶ ስለነበር እሱም ተገኘ። ያንቺን ቦታ በድሪ ያዘ። እኔ ሳላስበው ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ከትቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጨዋታው ፊሽካ የለውም። በድሪን ወደ ጎን ወስጄ «ቀለል አድርጋት» ልለው ነበር፤ መኮንን አየኝና ራሱን ነቀነቀብኝ። በድሪ ወረወረ። ደህና ኳስ ነበረች፣ ልክ መሃሏ ላይ። ወንድምሽ ባለ በሌለ ኃይሉ ወዘወዘ፣ ሙሉውን ዞረ፣ ሳታት። ኳሷ የእናትሽን የሊጥ ማሰሮ ሰበረች።

«ተቃጠልኩ!» አለና ዱላውን ጣለው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይስቅ ጀመር። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። በድሪ አጠገቡ ተቀመጠና ትከሻውን አቀፈው፣ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ከዚያ መኮንን ጫማውን ፈታ፣ እናትሽ ውሃ አቀረበችለት፣ እግሩን ታጠበ።

ስለዚህ ስድስት ለአምስት ተሸንፈናል። ለሰማያዊዎቹ እንኳን ደስ ያላችሁ በይልኝ፣ አገር የሚያውቀው ሽንፈት ነው። እናትሽ የተሰበረ ማሰሮዋን ይዛ እልል ስትል የሰማ ጎረቤት ሁሉ «አሸነፋችሁ እንዴ?» እያለ ሲገባ አመሸ። ተሸነፍን አልኳቸው፣ ግቡ፣ ተቀመጡ።

አባትሽ ጀምበሩ